በሁለት ሲዲ የተከፈሉ የአማርኛ ፊልሞችን በቤት ሰርቨር ላይ እንዴት አንድ ላድርጋቸው?

ሲልቨር ስፕሪንግ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁም። ባለፉት ዓመታት ከአዲስ አበባ በሰው እጅ ሲመጡልን የቆዩ የአማርኛ ፊልሞች በካርቶን ሙሉ አሉኝ። ሁሉም ቪሲዲ ናቸው፤ አብዛኞቹም በሁለት ሲዲ የተከፈሉ። ሲዲዎቹ እየተጫሩ ስለሆነ ሁሉንም ወደ አንድ ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ገልብጬ፣ ትንሽ ኮምፒውተር ላይ ጄሊፊን (ፊልሞችን አደራጅቶ ወደ ቴሌቪዥን የሚልክ የሰርቨር ፕሮግራም) ጭኜ፣ ሳሎን ካለው ቴሌቪዥን ጋር አገናኝቻቸዋለሁ።

ችግሬ ይህ ነው። ፋይሎቹን «የፊልሙ ስም (1999) ክፍል 1» እና «የፊልሙ ስም (1999) ክፍል 2» እያልኩ ሰየምኳቸው። የጄሊፊን ቤተ መጻሕፍት (የፊልሞቹ ዝርዝር) ግን አንዱን ፊልም ሁለት ፊልም አድርጎ ያሳየኛል። የመጀመሪያው ሲዲ ሲያልቅ ወደ ማውጫው ይመለሳል እንጂ ቀጣዩን አይከፍትም። እናቴ የሠርጉ ትዕይንት ሳይደርስ ፊልሙ አለቀ ብላ ተነሥታ ሄደች። ከዚህ ሌላ በአንዳንዶቹ ላይ ፈጽሞ የማላውቃቸው የውጭ ፊልሞች ፖስተር ተለጥፎባቸዋል። ፋይሎቹም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ከፊሉ መጨረሻው ኤምፒጂ፣ ከፊሉ ዳት የሚል ነው። ከ60 በላይ ፊልም ስለሆነ ከመጀመሬ በፊት ትክክለኛውን መንገድ ባውቅ ደስ ይለኛል።

ጣና ዳር፦
እህቴ፣ ፖስተሩን ለጊዜው ተዪውና ከስያሜው እንጀምር። ሰርቨሩ «ክፍል» የሚለውን ቃል አያውቀውም። የፊልሙን ስም በግዕዝ ፊደል ብትጽፊው ምንም አይደለም፤ በደንብ ያነበዋል። መከፈሉን የሚያመለክተው ቃል ግን በላቲን ፊደል መሆን አለበት። ጄሊፊን የሚቀበላቸው ቃላት ሲዲ (cd)፣ ዲቪዲ (dvd)፣ ፓርት (part)፣ ፒቲ (pt) እና ዲስክ (disc) ናቸው፤ ከቃሉ ቀጥሎ ያለ ክፍተት ቁጥሩን ትጽፊያለሽ። ቁጥሩም 1 እና 2 ይሁን እንጂ ፩ እና ፪ አይሁን።

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ፊልም የራሱ ፎልደር ክፈቺለት፤ የፎልደሩ ስም የፊልሙ ስምና በቅንፍ ውስጥ ዓመቱ ይሁን። በውስጡ ሁለቱን ፋይሎች አስቀምጪ፤ ስማቸው ከፎልደሩ ስም ጋር አንድ ሆኖ መጨረሻው ላይ ሰረዝና በላቲን «ሲዲ1»፣ «ሲዲ2» ይጨመርበት። ከቁጥሩ በስተቀር ሁለቱ ስሞች በአንዲት ነጥብ እንኳን መለያየት የለባቸውም። አንዱ ላይ «ሃ» ጽፈሽ ሌላው ላይ «ሐ» ከጻፍሽ ለእኛ አንድ ነው፤ ለማሽኑ ግን ሁለት የተለያየ ፊልም ነው። በእኛ ፊደል ይህ በቀላሉ ያጋጥማል፤ ስለዚህ ስሙን ሁለት ጊዜ ከመጻፍ አንዱን ገልብጦ መለጠፍ ይሻላል። ከዚያ ቤተ መጻሕፍቱ እንደገና እንዲቃኝ አድርጊ፤ ሁለቱ ፖስተሮች ወደ አንድ ይሰበሰባሉ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በጄሊፊን ገጽ ላይ ሁለት ፊልሞችን መርጦ አንድ ላይ ማሰር የሚያስችል ትእዛዝ አለ። እሱን እንዳትነኪው። እሱ የሚሠራው አንድን ፊልም በሁለት የጥራት ደረጃ ላስቀመጠ ሰው ነው፤ ሁለቱን ሲዲዎች እንደ አማራጭ ያቀርባቸዋል እንጂ አንዱን ከሌላው ቀጥሎ አያጫውትም።

እንደ ጄሊፊን ያለውን ፕሌክስ የሚባል ፕሮግራም የምትጠቀሙም ካላችሁ አሠራሩ ተመሳሳይ ነው፤ እስከ 8 ክፍል ድረስ ይቀበላል። ነገር ግን ክፍሎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ፋይል መሆን አለባቸው፤ ድምፁና የግርጌ ጽሑፉም በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል መቀመጥ ይኖርበታል።

ሐይፋ፦
ስለ ፖስተሩ እኔ ልመልስ። ችግሩ 1999 የሚለው ዓመት ነው። አንቺ የጻፍሽው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ ሰርቨሩ ግን የሚያነበው በፈረንጆቹ ነው። ስሙ ከዚያ ዓመት የውጭ ፊልም ጋር በትንሹም ቢገጥም ያንን ፖስተር አምጥቶ ይለጥፍብሻል። ፊልሙ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ባለው ጊዜ የወጣ ከሆነ 7 ደምሪበት፤ ከዚያ በኋላ ከሆነ 8። ስለዚህ በ1999 ጥቅምት የወጣው 2006 ይሆናል፤ በ1999 ሚያዝያ የወጣው 2007። ወሩን ካላወቅሽው 8 መደመር ይሻላል፤ የዓመቱ ትልቁ ክፍል የሚወድቀው እዚያ ነው።

ዓመቱ ከተስተካከለ በኋላም ብዙዎቹ ፊልሞቻችን መረጃቸው ላይገኝ ይችላል። ሰርቨሩ መረጃ የሚወስድበት የፊልም መዝገብ ሕዝብ የሚጽፈው ነው፤ ማንም ተመዝግቦ ፊልም መጨመር ይችላል። እኔ በእጄ ያሉትን ከሽፋናቸው ላይ እያነበብኩ ተዋንያኑን፣ ደራሲውን፣ ዳይሬክተሩን አስገብቻለሁ። እባክሽ አንቺም አስገቢ። እነዚህን ፊልሞች የሠሩ ሰዎች ስም የሚገኘው በብዙ ቦታ በዚያ በወረቀቱ ሽፋን ላይ ብቻ ነው፤ ሽፋኑ ደግሞ እየደበዘዘ ነው። ለጊዜው ግን ሽፋኑን በስልክሽ አንሥተሽ ምስሉን በላቲን «ፖስተር» (poster) ብለሽ ከፊልሙ ጋር ፎልደሩ ውስጥ ብታስቀምጪው ሰርቨሩ እሱን ይጠቀማል።

ባለ ቪዲዮ ቤት፦
ልጄ፣ የተሰጡሽ ምክሮች ትክክል ናቸው። እኔ ግን ስም ለውጠሽ እንድትተዪው አልመክርሽም። ሁለቱን ፋይሎች በእርግጥ አንድ አድርጊያቸው። ለብዙ ዓመት ቪዲዮ ቤት ስለነበረኝ እነዚህን ሲዲዎች በደንብ አውቃቸዋለሁ።

አንድ ቪሲዲ የሚይዘው 74 ደቂቃ ያህል ነው። ፊልሞቻችን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ተኩል ያልፋሉ፤ የሚከፈሉት በሌላ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ መቆረጫው የሚወድቀው ታሪኩ በሚያርፍበት ቦታ ሳይሆን ሲዲው በሞላበት ቦታ ነው፤ ሰውየው በሩን ሲያንኳኳ ያልቅና የሚከፈተው በሁለተኛው ሲዲ ላይ ነው። በስም ብቻ የታሰረ ፊልም እዚያ ቦታ ላይ ለአፍታ ይጠቁራል። በአንዳንድ የቴሌቪዥን መተግበሪያዎች ደግሞ ጭራሹን አይቀጥልም፤ ምክንያቱም ሁለተኛውን ክፍል የሚያስከትለው ሰርቨሩ ሳይሆን ማጫወቻው ነው። አንድ ፋይል ከሆነ ግን በየትኛውም ማሽን ላይ ያለ ችግር ይሄዳል፤ ካቆምሽበትም ይጀምርልሻል።

ሥራው እንዲህ ነው። ዳት የሚለው ፋይል ከሲዲው ላይ በቀጥታ የተገለበጠ ስለሆነ በውጭ በኩል ሌላ ሽፋን አለው። መጨረሻውን ኤምፒጂ ብለሽ ስሙን ብትለውጪው አንዳንድ ማጫወቻ ያሳየዋል፤ የማያያዣው ፕሮግራም ግን አይቀበለውም። ቪሲዲጊር በሚባለው ነጻ ፕሮግራም መጀመሪያ ወደ ኤምፒጂ ቀይሪው፤ ሽፋኑን ብቻ ስለሚያነሣ ምስሉ አይነካም።

ከዚያ ኤምኬቪቱልኒክስ የሚባለውን ክፈቺ፤ ይህም ነጻ ነው። የመጀመሪያውን ሲዲ ፋይል አስገቢ። በዝርዝሩ ላይ እሱን በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ተጭነሽ «አፔንድ ፋይልስ» የሚለውን ምረጪና ሁለተኛውን አስከትይ። «አድ» የሚለውን ከመረጥሽ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጎን ይቀመጣል እንጂ አይቀጥልም፤ ሁለት ምስል በአንድ ሰዓት የሚጀምሩበት ፋይል ይወጣል። ምስሉ እንደገና ስለማይጨመቅ ጥራት አይቀንስም፤ ሥራውም ቶሎ ያልቃል።

ሲጨርስ መገጣጠሚያውን ተመልከቺ። ፊልሙን በሙሉ ማየት አያስፈልግሽም፤ ከመገጣጠሚያው አንድ ደቂቃ ቀደም ብለሽ ጀምሪና የተዋናዩን ከንፈርና ድምፁን አስተያዪ። አንዳንዱ ሁለተኛ ሲዲ በአከፋፋዩ ማስታወቂያ ይጀምራል፤ እሱን መቁረጥ ከፈለግሽ ከማያያዝሽ በፊት በዚያው ፕሮግራም «አውትፑት» በሚለው ገጽ ከዚህ ሰከንድ እስከዚህ ሰከንድ ብለሽ ማዘዝ ትችያለሽ። የሰው ፊት ወደ ጎን የጠበበ ከመሰለሽ የምስሉን ምጥጥን 4 ለ3 አድርጊው፤ የቪሲዲ ምስል 352 በ288 ነጥብ ስለሆነ ዘመናዊ ቴሌቪዥን ላይ እንዲህ ያለ ነገር ያጋጥማል።

ኦሪጂናሎቹን ፋይሎች አትሰርዢ። የቪሲዲ አንድ ደቂቃ 10 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ አንድ ፊልም በጠቅላላው ከአንድ ጊጋባይት ብዙም አይርቅም። ባለ 4 ቴራባይት ዲስክ ላይ ለዚህ ቦታ አይጠፋም። ብቻ ሰርቨሩ ከማያየው ሌላ ፎልደር ውስጥ አኑሪያቸው፤ አለበለዚያ ፊልሙ ሦስት ሆኖ ይመጣብሻል።

ሲልቨር ስፕሪንግ (ጠያቂ)፦
ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እንደ ነገሩኝ አድርጌ በመጀመሪያዎቹ ፊልሞች ላይ ሠርቷል፤ መገጣጠሚያው ፈጽሞ አይታወቅም። ዓመቱንም አስተካክያለሁ፤ የባዕድ ፖስተሮቹ ጠፍተዋል።

ሦስት ነገር ቀረኝ። አንደኛ፣ በአንድ ፊልም ላይ ፕሮግራሙ የሁለቱ ምስል ስፋት አይመሳሰልም ብሎ እምቢ አለኝ። ሁለተኛ፣ በእውነት «ክፍል ሁለት» ተብሎ ከዓመት በኋላ የተሠራ ፊልም አለኝ፤ ይህ የተከፈለ ሳይሆን ራሱን የቻለ ፊልም ነው። ሦስተኛ፣ ልጆቼ አማርኛውን ሙሉ በሙሉ ስለማይከታተሉ ለአንዳንዶቹ የእንግሊዝኛ ሰብታይትል አዘጋጅቻለሁ፤ ለየሲዲው ለየብቻ ነው የጻፍኩት።

ጣና ዳር፦
ለሁለተኛው እኔ ልመልስ። ተከታዩን ፊልም በራሱ ፎልደር፣ በራሱ ዓመት አስቀምጪው። በስሙ ላይ «ክፍል ሁለት» ብለሽ በአማርኛ ብትጽፊ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም ሰርቨሩ ቃሉን የማያውቀው መሆኑ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። በላቲን «ፓርት 2» ብለሽ ከመጀመሪያው ጋር በአንድ ፎልደር ካስቀመጥሽው ግን ሁለቱን ፊልሞች እንደ አንድ ፊልም ሊቆጥራቸው ይችላል። ሁለቱ ጎን ለጎን እንዲታዩ ከፈለግሽ በጄሊፊን ውስጥ «ኮሌክሽን» ፍጠሪና ሁለቱንም አስገቢበት።

ፍራንክፈርት፦
እህቴ፣ የስፋቱ ነገር ሁለቱ ሲዲዎች ከተለያየ ምንጭ ስለመጡ ነው። ምናልባት አንደኛው በአውሮፓውያኑ ሥርዓት በ288 መስመር፣ ሌላው በአሜሪካው በ240 መስመር የተቀዳ ይሆናል። በአውሮፓው በአንድ ሰከንድ የሚታየው ምስል (ፍሬም) 25 ነው፤ በአሜሪካው 30 ገደማ ነው። እንዲህ ያሉትን ሳይጨመቁ ማያያዝ አይቻልም።

ሃንድብሬክ በሚባለው ፕሮግራም ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ልክ እንደገና ቀይሪያቸው፦ ተመሳሳይ ስፋትና ቁመት፣ ተመሳሳይ የፍሬም ብዛት፣ ተመሳሳይ የድምፅ ዓይነት። የፍሬሙ ብዛት «ቋሚ» እንዲሆን ምረጪ። ምስሉን ለማሳመር ብለሽ መጠኑን ከፍ አታድርጊው፤ ፋይሉን ያገዝፋል እንጂ በሲዲው ላይ ያልነበረ ነገር አያመጣም። ሃንድብሬክ ራሱ ሁለት ፋይል አያያይዝም፤ የወጡትን ሁለቱን ወደ ኤምኬቪቱልኒክስ ወስደሽ ጋሼ ባሉሽ መንገድ ታስከትያቸዋለሽ። ይህን የምታደርጊው እምቢ ባለሽ ፊልም ላይ ብቻ ይሁን፤ ሌሎቹን መጨመቅ ያለ ምክንያት ጥራት መጣል ነው።

ሐይፋ፦
በዲቪዲ ያሉ ፊልሞችን ለምትገለብጡም አንድ ነገር ልጨምር። በዲቪዲው ፎልደር ውስጥ ቪኦቢ የሚባሉ ባለ አንድ ጊጋባይት ፋይሎች ተደርድረው ታያላችሁ። እነሱን አንድ በአንድ ሲዲ1፣ ሲዲ2 እያላችሁ አትሰይሙ። ሜክኤምኬቪ የሚባለው ፕሮግራም ከዲስኩ ላይ ፊልሙን በሙሉ እንደ አንድ ፋይል ያወጣላችኋል።

ባለ ቪዲዮ ቤት፦
የሰብታይትሉ ነገር ቅደም ተከተል ይፈልጋል፤ ልጄ፣ እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። ሁለቱን የጽሑፍ ፋይሎች ለብቻቸው ካስከተልሻቸው የሁለተኛው ሰዓት የሚቆጠረው የመጀመሪያው ሲዲ ፊልም ካለቀበት ሳይሆን የመጨረሻው ንግግር ካለቀበት ነው። ከዚያ ንግግር በኋላ ሁለት ደቂቃ ዝምታ ካለ በሁለተኛው አጋማሽ ያለው ጽሑፍ ሁሉ ሁለት ደቂቃ ቀድሞ ይመጣል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሲዲ 1ን ፊልምና የሲዲ 1ን ጽሑፍ በአንድ ላይ ወደ አንድ ፋይል አስገቢ፤ «አድ» የሚለው የሚያስፈልግሽ እዚህ ላይ ነው። የሲዲ 2ንም እንደዚሁ። ሁለት ፋይል ይወጣልሻል፤ እያንዳንዱ ምስል፣ ድምፅና ጽሑፍ ይኖረዋል። ከዚያ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው አስከትዪ። የጽሑፉን ቋንቋ «እንግሊዝኛ»፣ የድምፁን «አማርኛ» ብለሽ ምልክት አድርጊበት፤ ያን ጊዜ ልጆችሽ በራሳቸው መለያ ሲከፍቱ ጽሑፉ በራሱ እንዲወጣ በጄሊፊን ላይ ማስተካከል ትችያለሽ፤ በአንቺ መለያ ሲከፈት ደግሞ ያለ ጽሑፍ ይታያል።