ሕፃን ሲያስለው መጀመሪያ ፋርማሲ ወይስ ጤና ጣቢያ?

የዛሬው መከራከሪያ፦ ፋርማሲዎች ያለ ማዘዣ ለሕፃናት አሞክሳሲሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ መሸጣቸው በጥብቅ ይከልከል? ሕጉ ማዘዣ ይጠይቃል። የሚሆነውን ግን ሁላችንም እናውቃለን።

የመንታ እናት፦ እኔ አይከልከል ባይ ነኝ። ልጆቼ 8 ወራቸው ነው። ባለፈው አንዱን አዝዬ አንዱን ታቅፌ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ወጥቼ ካርድ ክፍል ተሰለፍኩ። ተራዬ ሲደርስ ረፋዱ 5 ሰዓት። ጀበና ቡና ነው የምሸጠው፤ የዚያ ቀን ገበያ ቀረ። ፋርማሲው ግን ወዲያው ሽሮፑን በጥብጦ ይሰጠኛል።

ፋርማሲስቱ፦ እህቴ፣ የሰልፉን ነገር አልክድሽም። ግን ብዙ ጊዜ እኛ ጋ የሚመጣው ልጁ አይደለም፤ ያለፈው ባዶ ጠርሙስ ነው። «ይሄንኑ ስጠኝ!» ከጠርሙስ ጉንፋንና ሳንባ ምች አይለይም። የሚለየው በትንፋሽ ነው። ልጁ ሳያለቅስ ልብሱን ገልጦ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ነው። ከ2 ወር እስከ ዓመት 50ና ከዚያ በላይ፣ ከዓመት እስከ 5 ዓመት 40ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው፤ ሳንባ ምች ይጠረጠራል። ለተራ ጉንፋን አንቲባዮቲክ ምንም አይፈይድም። እኔ እምቢ ብል ደግሞ ማዶ ያለው ይሸጣል፤ እውነቱን ልናገር ብዬ ነው።

የገጠሩ ነርስ፦ የከተማ ጭቅጭቅ ነው የያዛችሁት። እኛ ጋ ከፋርማሲ በፊት እንጥል ቆራጭ አለ። ሲያስለው «እንጥሉ ወርዶ ነው»፣ ሲያስቀምጠው «ጥርስ እያወጣ ነው»። ጤና ኬላ ላይ እኮ ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሳንባ ምች ያክማሉ፤ ለተቅማጥም ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ ንጥረ ነገር) እና ዚንክ ይሰጣሉ። ችግሩ ኤክስቴንሽኗ ቤት ለቤት ስትወጣ በሩ ይቆለፋል።

አንድ አባት፦ ዚንክ ካላችሁ እኔም ጥፋተኛ ነኝ። ለተቅማጥ 10 ቀን ስጥ ተብዬ፣ በ3ኛው ቀን ሲሻላት አቆምኩ። አንዱን ኦአርኤስ በ1 ሊትር ውኃ መበጥበጡንስ ስንታችን ነን በትክክል የምንለካው?

የመንታ እናት፦ እሺ፣ ቆጠርኩ እንበል። ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ 52 መጣ። ከዚያስ?

ፋርማሲስቱ፦ ፍጥነቱ ብቻ ከሆነ ጠዋት ሳትውዪ ጤና ጣቢያ። ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ወይም መጥባት ካቃተው ግን በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ነው።

የመንታ እናት፦ በሌሊት ኮንትራት ታክሲ ስንት እንደሚጠይቁ ታውቃለህ? ሌላኛውንስ ለማን ትቼ?