ዲኤክስ ገዝቼ ሞተር ልቀይርላት ነው፤ አብጄ ይሆን?

የሳሙና በሩ፦

ሰላም ናችሁ? ጎንደር ነው ያለሁት። እንጀራዬ ከመኪና ጋር አይገናኝም፤ ማራኪ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። የኮፒ ማሽን ስፈታ ስገጥም ስምንት ዓመት ሆነኝ፤ አሁን እጄ ትልቅ ነገር አማረው።

አዘዞ አንድ ግቢ ውስጥ የቆመች የድሮ ዲኤክስ አግኝቻለሁ። የኋላ ጎማ የምትነዳዋ ቶዮታ ኮሮላ፣ ኬኢ 70 የምትባለዋ ሞዴል ናት። ባህር ዛፍ ሥር ስድስት ክረምት አሳልፋለች። ኮፈኗን ስከፍት ካርቡራቶሩ ጎን ዶሮ እንቁላል ታቅፋ ቁጭ ብላለች። ዶሮዋ አየችኝ፣ እኔም አየኋት፣ ኮፈኑን ቀስ ብዬ መለስኩት። የቤቱ እመቤት «እንቁላሉ ለብቻ ነው የሚታሰበው» ብለው ሳቁብኝ። የጠየቁኝን ዋጋ እዚህ አልጽፍም። በ2016 የቤንዚንና የናፍታ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተባለ ወዲህ ቆርቆሮውም ወርቅ ሆኗል።

ሞተሯ 4ኬ ነው፣ ነክሶ ቀርቷል፣ አይዞርም። አንድ መካኒክ ደግሞ ከሃይስ የወረደ 3ዋይ የሚባል ሞተር ከነካምቢዮው አለኝ ብሎኛል። ምኞቴ ትንሽ ናት፦ ወደ ደባርቅ ስሄድ የኮሶዬን ዳገት ከኋላዬ አይሱዙ ጥሩምባ ሳይነፋብኝ መውጣት።

3ዋይ ይገባል? ሳልገዛስ ምኗን ልይ? ቀለሟ ደህና ነው፣ ውሃ ሰማያዊ።

ባለካምቢዮ፦

አላበድክም። ግን ከጭራው ነው የጀመርከው።

መጀመሪያ የኋላ ነጂ መሆኗን በዓይንህ አረጋግጥ። ዲኤክስ የሚባለው ሁሉ አንድ አይደለም። ቶዮታ እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው ኮሮላ ሴዳኑን ወደ ፊት ነጂ ቀይሮታል፤ እኛ ሁለቱንም ዲኤክስ እንላለን። ሞተሩ ከፊት ወደ ኋላ ረዝሞ ከተቀመጠ፣ ከሥር ረጅም ዘንግና ከኋላ ዲፈረንሻል ካለ እሷ ናት። ዶሮዋን ሳታስነሳ ከሥር ገብተህ ማየት ትችላለህ።

ቀለሙን እርሳው። ሞተር ተፈልጎ ይገኛል፣ የበሰበሰ ቦዲ ግን የባትላሜራ ቀለብ ነው። ምንጣፉን ግለጥ። ባትሪው የሚቀመጥበትን ሥር፣ የፊት ሾክ አናቱ የሚታሰርበትን፣ የበሮቹን ደፍ እይ። ማግኔት በጨርቅ ጠቅልለህ አስኪድበት፤ ያልያዘበት ቦታ ስቱኮ ነው። የዛገ የመሰለህን በካቻቢቴ ጫን በለው። ከገባልህ ደህና ዋሉ ብለህ ውጣ።

ስለ 3ዋይ። 1998 ሲሲ ነው፣ ያንተዋ 4ኬ 1290። ይገባል፣ ግን የሞተር መያዣው አዲስ ይበየዳል፣ የዘይት ቋቱ ከሥሩ ካለው መስቀለኛ ብረት ጋር መጋጨት አለመጋጨቱ ይለካል። የሃይሱ ካምቢዮ ደግሞ አይሆንህም። ሃይስ ላይ ሹፌሩ ሞተሩ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ማርሹ በዘንግ ዞሮ ነው ካምቢዮው ጋ የሚደርሰው። ኮሮላ ላይ ማርሹ ከካምቢዮው ጀርባ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ስለዚህ የሃይሉክስ ካምቢዮ ፍለጋ ልትዞር ነው። ከዚያ ረጅሙ ዘንግ ይቆረጣል። እኔ አንዴ ቶርኖ ቤት አስቆርጬ ባላንስ ሳላስደርግ ገጠምኩ። 60 ላይ ስትደርስ ወንበሩ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ባለቤቱ ጠበል ሊወስዳት ምንም አልቀረው።

እኔ ብሆን 5ኬ እፈልግ ነበር። 1486 ሲሲ ነው፣ ላይትኤስና ታውንኤስ ላይ ይገኛል። የ4ኬ ወንድም ስለሆነ ያው መያዣ፣ ያው ካምቢዮ ይቀበለዋል። ጉራ የለውም፣ ግን በሁለት ቀን ገብቶ ይነሳል።

ደግሞ ከፍታውን አትርሳ። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። ቱርቦ የሌለው ሞተር ሁሉ እዚህ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛውን ያህል ያጣል፣ ኮሶዬ ላይ ይብሳል። ቆላ ላይ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ቤንዚን ይበዛበታል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ብዙ ሰው ሞተሩ ደከመ የሚለው ይሄንን ነው።

ፍሬን ሳትሠራ ጉልበት እንዳትጨምር። ከኮሶዬ መውረድም አለ።

ላዳዬ፦

ከአዲስ አበባ ነኝ። ላዳ ግዛና ተገላገል። እሷም የኋላ ነጂ ናት፣ መሠረቷ ፊያት 124 ነው፣ በዕቃዋ አገር ተጥለቅልቋል። ሞተር ቅብጥርስዮ ምን አስፈለገህ?

ባለካምቢዮ፦

ላዳዬ፣ ልጁ ዳገት መውጣት ነው የፈለገው።

የቁስቋሟ፦

ስለ ሞተር አላውቅም፣ ስለ ወረቀት ግን ተቃጥያለሁ። ወንድሜ፣ ሊብሬው በማን ስም ነው? «የቤቱ እመቤት» ስትል ጠረጠርኩ። ባለቤታቸው በሕይወት ከሌሉ እሳቸው ብቻቸውን ፈርመው ሊሸጡልህ አይችሉም። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ይወጣል፣ ልጆች ካሉ ሁሉም ይስማማሉ ወይም ውክልና ይሰጣሉ። ከዚያ ነው ውልና ማስረጃ የምትሄዱት።

እኛ ቤት የገዛናት መኪና ሞተሯ ድሮ ተቀይሮ ኖሮ፣ ሊብሬው ላይ ያለው የሞተር ቁጥርና ብረቱ ላይ ያለው አልገጠመም። የሸጠልን ሰው ስልኩን ዘጋ። ቦሎ ልናወጣ ሄደን ከሰልፉ መለሱን። ሰባት ወር በር ላይ ቆማ ሕፃናት መንሸራተቻ አደረጓት። ሞተር ስትገዛ የመጣበትን ወረቀት ከሻጩ ተቀበል፤ ከመግጠምህም በፊት መንገድ ትራንስፖርት ሄደህ ጠይቅ። ወረቀት የለውም ካለህ ርካሽ ቢሆንም ተወው።

የሳሙና በሩ፦

ጋሼ ባለካምቢዮ፣ እህቴ የቁስቋሟ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ቅዳሜ ማግኔትና ካቻቢቴ ይዤ ተመለስኩ። የኋላ ነጂ ናት፣ ዘንጉንም ዲፈረንሻሉንም አየሁ። የግራ በር ደፍ ላይ ማግኔቱ ወደቀ። ባትሪው ሥር ካቻቢቴው እስከ እጄታው ገባ። የሾኮቹ አናት ግን ድንጋይ ነው፣ ወለሉም ደህና።

ሊብሬው በሟች ባለቤታቸው ስም ነው። ልጆቹ ሦስት ናቸው፣ አንዷ ውጭ አገር። እትዬ ራሳቸው «ፍርድ ቤቱን እኔ እጨርሳለሁ፣ አንተ ብቻ ለሌላ ሰው አታውራ» ብለውኛል። ቀብድ አልሰጠሁም። የደፉንና የባትሪውን ቆርቆሮ ባትላሜራ ገምቶ ከዋጋው ሊቀንሱልኝ ተስማምተናል።

3ዋዩን ተውኩት። ስለ ወረቀቱ ስጠይቀው መካኒኩ ወሬ ቀየረ።

ጎንደር ወይ ባሕር ዳር ወረቀት ያለው 5ኬ ያየ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። አልቸኩልም፤ ዶሮዋ ገና አልፈለፈለችም።