ለተፈናቀሉ ቤተሰቦች ቋሚ ቤት መሥሪያ ቦታ ደሴ ላይ እንዴት ይጠየቃል?

የቅሬ ጸሐፊዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የአንድ ቅሬ (እድር) ጸሐፊ ነኝ። ቅሬያችን እስከ ዛሬ ከድንኳን፣ ከድስትና ከምንጣፍ ውጭ ሌላ ነገር አስጨንቆት አያውቅም፤ አሁን ግን የቤት ጉዳይ መጥቶብናል። ከወለጋና ከራያ በኩል ተፈናቅለው የመጡ ዐሥራ አንድ ቤተሰቦች አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ በማዳበሪያ ከረጢት መጋረጃ ተከፋፍለው ይኖራሉ። አንዷ በርበሬ ስታምስ ዐሥሩም ቤት ያስነጥሳል። ልጆቹ ትምህርት ጀምረዋል፤ አባወራዎቹም እማወራዎቹም እንደ አቅማቸው ሥራ ይዘዋል። ጊዜያዊ የሚባለው ኑሮ ክረምት አልፎ ክረምት ሲተካ ቋሚ ሆነባቸው።

ነጋዴዎች ቆርቆሮና ሲሚንቶ፣ የሠፈሩ ግንበኞች ጉልበታቸውን ቃል ገብተዋል። የጎደለው መሬት ነው። አንዱ ቢሮ “መሬት በጨረታ ነው” አለን፤ ሌላው “ደብዳቤ አምጡ” አለን፣ ከማን እንደሆነ ግን አልነገረንም። ከጦሳ ተራራ ሥር ዳገቱ ላይ አንድ ቦታ በቃል ተጠቁመናል። “ኮምቦልቻ ውሰዷቸው፣ ሜዳ ነው፣ ፋብሪካም አለ” የሚሉም አሉ። ደግሞ ከሽማግሌዎቻችን አንዱ ቤቶቹ እንዳይሸጡ በቅሬው ስም ይመዝገቡ ይላሉ። ይህ ለእኔ አልተዋጠልኝም። የምታውቁ ብትመክሩን?

ጡረተኛው የመሬት ባለሙያ፦
እኅቴ፣ “መሬት በጨረታ ብቻ ነው” ያለሽ ሰው አዋጁን እስከ ግማሹ አንብቦታል። የሊዝ አዋጅ 721/2004 መሬት በጨረታም በምደባም (ያለ ጨረታ) እንደሚሰጥ ይደነግጋል። አንቀጽ 12 በምደባ ሊሰጡ ከሚችሉት ውስጥ የመንግሥት የጋራ መኖሪያ ቤት ፕሮግራሞችንና መንግሥት የፈቀዳቸውን በራስ አገዝ የሚሠሩ የመኖሪያ ቤቶችን ይጠቅሳል። የሚወስነው ግን የመሬት ቢሮው ሠራተኛ ሳይሆን ካቢኔው ነው። ስለዚህ ከመስኮት ወደ መስኮት መመላለሱን ተዉና ጥያቄያችሁን ካቢኔ ፊት ሊቀርብ በሚችል መልክ አዘጋጁት፦ የቤተሰቦቹ ዝርዝር፣ ቃል የተገባው ዕቃና ገንዘብ በጽሑፍ፣ የቦታው ንድፍ። “እግዜር ይስጥልን” የሚል ማመልከቻ መዝገብ ቤት ይቀራል።

በስም ጉዳይ ሽማግሌውን አክብሬ እቃወማቸዋለሁ። በቅሬው ስም ከሆነ ቤተሰቦቹ የቅሬው ጭሰኛ ሆኑ ማለት ነው። በ1967 ትርፍ ቤቶች ተወርሰው የቀበሌ ቤት ሲባሉ ተከራዩ ኪራዩ ረክሶለታል፤ ነገር ግን ጣሪያው ሲያፈስ የሚያድሰው ማን እንደሆነ ሳይለይ ስንት ቤት ፈረሰ! የኔ ምክር፦ ካርታው በእያንዳንዱ ቤተሰብ ስም ይውጣ፣ ባልና ሚስት ካሉ በሁለቱም ስም። ሽያጭ ካሳሰባችሁ ለተወሰነ ዓመት እንዳይተላለፍ ውሉ ላይ ይጻፍ። ለመኖሪያ ቤት የሊዝ ዘመኑ 99 ዓመት ነው፤ የቅሬ ሊቀመንበር ግን በየጊዜው ይለወጣል።

“ወደ መጡበት ስለሚመለሱ ቋሚ ቤት አይገባቸውም” የሚላችሁ ካለ፣ ኢትዮጵያ በ2012 ያጸደቀችውን የካምፓላ ስምምነት፣ ማለትም የአፍሪካ ኅብረትን የአገር ውስጥ ተፈናቃዮች ስምምነት አንሡ። መመለስ፣ ባሉበት መቋቋም፣ ሌላ ቦታ መስፈር፤ ሦስቱም በተፈናቃዩ ፈቃድ ነው። ፈቃዳቸውን በፊርማ አስደግፉ።

ሲቪል መሐንዲሱ፦
ቦታውን ሳላይ አልፈርድም፤ የደሴን ዳገት ግን አውቀዋለሁ። በጋ ላይ ያየ ሰው ይሳሳታል። ዛፉ ዘንበል ብሏል? የጎረቤት አጥር በጎን ተሰንጥቋል? ምንጭ ያፈልቃል? ሁለቱን እንኳ ካያችሁ ተጠንቀቁ፤ መሬቱ እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል። ጥቁር አፈሩ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ቤት ላይ ቀስ ብሎ የሚሠራ ጠላት ነው። ዳገቱን ቆርጣችሁ ስትደለድሉ የድጋፍ ግንብ ያስፈልጋል፤ ከጀርባው የውኃ ማስወጫ ቱቦ ያልተቀበረለት ግንብ ደግሞ በነሐሴ ተገልብጦ ቤቱ ላይ ይተኛል። የግንቡ ወጪ ከቤቶቹ ሊበልጥ ይችላል፤ ነጋዴዎቹ ቃል የገቡት ለቆርቆሮ ነው፣ ለግንብ ግን ማን ቃል ገባ?

ከሁሉ በፊት በከተማው መዋቅራዊ ፕላን ላይ ቦታው ለምን እንደተከለለ ጠይቁ። አረንጓዴ፣ ማለትም ቤት የማይሠራበት ከሆነ፣ ቤተሰቦቹን ሰው በቃል የሰጣቸው ቦታ ላይ አስፍራችሁ ዳግመኛ እንዳታፈናቅሏቸው። ኮምቦልቻም ሜዳ ስለሆነ ብቻ አያስጎመጅ፤ የቦርከና ወንዝ ክረምት ሲሞላ ሜዳውን ያውቀዋል።

ቤቶቹን ግድግዳ ተጋርተው በረድፍ ሥሯቸው። መሬትም ብሎኬትም ይቆጥባል። ሁለት ክፍል ይበቃል፤ ሦስተኛው በኋላ የሚቀጠልበት መሠረት ግን አሁኑኑ ይውጣ።

እንጀራ ጋጋሪዋ፦
እኔም ተፈናቅዬ የመጣሁ ነኝ፣ የእናንተው መጋዘን ውስጥ ባልሆንም። ስለ ካርታውና ስለ አፈሩ ወንዶቹ ተናግረዋል፤ እኔ የቀረውን ልናገር። እንጀራ ጋግሬ ለሁለት ምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። ኮምቦልቻ ብወሰድ ደንበኞቼ ደሴ ናቸው፤ በሐረጎ ቁልቁለት በየቀኑ ሞሶብ ተሸክሜ አልመላለስም። ከከተማው ዳር ብትወስዱኝም የባጃጁ ሒሳብ ትርፌን ይጨርሰዋል። ሽንት ቤቱን ለሁለት ለሁለት ቤተሰብ ብታደርጉት እንችላለን። ማድ ቤቱን ግን የጋራ አታድርጉብን፤ ቆጣሪውንም እንዲሁ። የጋራ ቆጣሪ ላይ ምጣድ የምትጥደው ሴት በየወሩ ሰው ሁሉ ጠላቷ ነው። ደግሞ ቦታው ከመወሰኑ በፊት ሴቶቹን አንድ ቀን ወስዳችሁ አሳዩአቸው። ውኃው የት እንዳለ ወዲያው ይነግሯችኋል።

የቅሬ ጸሐፊዋ፦
አላህም እግዜርም ይስጣችሁ። የስሙን ነገር ለሽማግሌው አነበብኩላቸው፤ “ጭሰኛ” የሚለው ቃል አስቆጣቸው፣ ግን ከዚያ በኋላ አልተከራከሩም። የካቢኔውን ጥያቄ ጋሼ ባሉት መልክ እንጽፋለን፤ ረቂቁን እዚህ እለጥፈዋለሁ፣ ያርሙልን። ቆጣሪው ለየቤቱ እንዲሆን ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

ወንድሜ መሐንዲሱ፣ ቅዳሜ ቦታውን ብታይልን? ከመጋዘኑ ሦስት ሴቶች አብረውን ይወጣሉ።

ሲቪል መሐንዲሱ፦
እችላለሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሸዋ በር እንገናኝ። ቀድማችሁ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ ቦታው በፕላኑ ላይ ምን እንደሚባል ጠይቁ፤ አረንጓዴ ከተባለ ዳገቱን መውጣት አያስፈልገንም፣ ሌላ ቦታ እናያለን።