የአርክቲክ በረዶ ናሙና፦ ሜርኩሪው በሁለት ቀን የት ገባ?

በረዶ_ለቃሚ፦
በሚያዝያ ወር ባሕር ዳር ከበረዶው ገጽ የተወሰደ ናሙና በሊትር 80 ናኖግራም ሜርኩሪ (ባዜቃ) አሳየ። ከሁለት ቀን በኋላ ከዚያው ቦታ የተወሰደው 20 እንኳ አልሞላም። ናሙናው ተበክሎ ይሆን? ጠርሙሶቹ ፖሊኤቲሊን ናቸው፤ በረዶው የቀለጠው መስኮት ሥር ነው።

ዋልታ82፦
ልዩነቱ ብቻውን ብክለት አያሰኝም። በጸደይ ፀሐይ ስትመለስ ከባሕር በረዶ የሚነሳው ብሮሚን አየር ላይ ያለውን የሜርኩሪ ጋዝ ኦክሳይድ ያደርገዋል (ኤሌክትሮን ወስዶ በቀላሉ ወደሚጣበቅ መልክ ይለውጠዋል)፤ ያ ደግሞ በረዶው ላይ ይለጠፋል። ነገሩ የተስተዋለው በ1995 እ.ኤ.አ. ካናዳ ውስጥ አለርት ላይ ነው፦ በሜትር ኩብ 1.5 ናኖግራም ገደማ የነበረው ጋዝ በሰዓታት ውስጥ ከ0.2 በታች ይወርዳል፣ ብሮሚኑ ኦዞኑንም ስለሚያጠፋ እሱም አብሮት ይወርዳል። ቀጥሎ ያው ፀሐይ በረዶው ላይ ያለውን መልሳ ጋዝ ታደርገዋለች፤ አብዛኛው በቀናት ውስጥ ተመልሶ ይተናል። እስቲ የመጀመሪያውን ዕለት የኦዞን መዝገብ ይመልከቱ። ወደ ዜሮ ወርዶ ከሆነ 80ው ሊታመን ይችላል።

ንጹሕ_ጠርሙስ፦
እኔ ግን ሁለቱንም ቁጥር አላምንም። ፖሊኤቲሊን የሜርኩሪን ትነት ያሳልፋል፤ የቤተ ሙከራው አየር ወደ ውስጥ ይገባል፣ የናሙናው ይወጣል። ቴፍሎን ወይም ብርጭቆ ይጠቀሙ። መስኮቱ ደግሞ ዋልታ82 ያለውን ትነት ጠርሙሱ ውስጥ ይደግመዋል።

ናሙናውን በጨለማ፣ ክዳኑ እንደተገጠመ ያቅልጡት። ወደ ሌላ ዕቃ አይገልብጡ፤ ሜርኩሪ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል። እዚያው ጠርሙስ ውስጥ ለ100 ሚሊ ሊትር 0.5 ሚሊ ሊትር ብሮሚን ሞኖክሎራይድ (ሜርኩሪውን ሁሉ ኦክሳይድ የሚያደርግ ቢጫ ፈሳሽ) ጨምረው ቢያንስ 12 ሰዓት ያቆዩት። ቢጫው ከጠፋ ይጨምሩ፤ አልበቃውም ማለት ነው። ከመለካት በፊት በሃይድሮክሲላሚን ቢጫውን ያጥፉት። ይህን የዘለለ የወርቅ ወጥመዱን (መለኪያው ላይ የሜርኩሪውን ትነት የሚይዘውን) ያበላሻል፣ ወጥመዱም ርካሽ አይደለም። ከዚያ ሜርኩሪውን ወደ ትነት የሚመልሰው ስታነስ ክሎራይድ ይጨመራል። በየጉዞው አንድ ጠርሙስ ንጹሕ ውኃ ሜዳው ላይ ከፍተው ይክደኑና እንደ ናሙናው ይለኩት፤ ያ ከሌለ ስለ ብክለት መከራከር ከንቱ ነው።

በረዶ_ለቃሚ፦
ታዲያ ዓሣውና የዋልታ ድቡ ውስጥ የሚገኘው ይህ የጸደዩ ነው?

ዋልታ82፦
በቀጥታ አይደለም። ከበረዶው ተንኖ የሚመለሰው ብዙ ነው። በአላስካ ቱንድራ (ዛፍ አልባው ቀዝቃዛ ሜዳ) ደግሞ ቱሊክ በተባለ ቦታ እንደተለካው፣ ወደ መሬት ከሚገባው ሜርኩሪ 70 በመቶ ያህሉ ዕፅዋትና አፈር ከአየር የሚስቡት ጋዝ ነው፤ ብሮሚን አላስፈለገውም። ከአፈሩ ወንዞች ወደ ባሕር ይወስዱታል። በምግብ ሰንሰለት እየተጠራቀመ የሚሄደው ግን ሜቲልሜርኩሪ (ከካርቦን ጋር የተጣመረ መርዛማ ሜርኩሪ) ነው፤ እሱን የሚሠሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው፣ በተለይ ኦክስጅን ባነሰበት ጭቃና ረግረግ።

ንጹሕ_ጠርሙስ፦
ሜቲልሜርኩሪ ለመለካት ካሰቡ ሌላ ጠርሙስ ይያዙ። ብሮሚን ሞኖክሎራይድ ይሰባብረዋል። ለቀለጠ በረዶ 0.4 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጨምረው ጨለማ ውስጥ ያስቀምጡ። ለባሕር ውኃ ሰልፈሪክ አሲድ ነው፣ 0.2 በመቶ።