የስፔኑ «ኢዬሮ» ድራማ ላይ ዳኛዋ ለምንድን ነው ራሷ የምትመረምረው?

ጠያቂ (ቫሌንሲያ)
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታለች። ማታ ማታ «ኢዬሮ» የሚለውን ተከታታይ ድራማ አብረን እያየን ነው። ላላያችሁት፦ ታሪኩ የሚካሄደው ኤል ኢዬሮ በምትባል ትንሽ የካናሪ ደሴት ላይ ነው። አንድ ወጣት በሠርጉ ቀን ተገድሎ ባሕር ላይ ይገኛል። የሙሽራዋ አባት ዲያስ፣ የሙዝ እርሻ ያለው ነጋዴ፣ ይጠረጠራል። ጉዳዩን የያዘችው ካንዴላ የምትባል፣ ለደሴቱ እንግዳ የሆነች ዳኛ ናት።

እኔ እተረጉማለሁ፤ እናቴ ደግሞ በጥያቄ ወጥራ ይዛኛለች። «ይቺ ዳኛ ችሎት የላትም እንዴ? ፖሊስ እያለ እሷን ምን አስሮጣት?» ትለኛለች። መልስ አጣሁ። ሌላው፣ ስፓኒሽ እችላለሁ ባይ ነበርኩ፤ የደሴቱ ሰዎች ሲያወሩ ግን ግማሹ ያመልጠኛል። ሁለተኛው ምዕራፍስ የዚሁ ቀጣይ ነው ወይስ ሌላ ታሪክ? ገዳዩን እንዳትነግሩኝ፣ አደራ!

ሕግ አዋቂ
እናትሽ ዋናውን ነገር ነው የጠየቁት። ስፔን ውስጥ የወንጀል ምርመራ የሚመራው መርማሪ ዳኛ ነው። ሥርዓቱ የቆመው እ.ኤ.አ. በ1882 በወጣ ሕግ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቢሻሻልም እስከ ዛሬ ይሠራበታል። የቤት ብርበራ የሚፈቅደው፣ ስልክ እንዲጠለፍ የሚያዘው፣ ተጠርጣሪውን አስቀርቦ የሚጠይቀው ዳኛው ነው። ሰው ተገድሎ ሲገኝ አስከሬኑ ከቦታው የሚነሳውም በእሱ ትእዛዝ ነው።

ለእናትሽ እንዲህ ብትያቸው ይገባቸዋል፦ እኛ አገር ፖሊስ የያዘውን ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ያቀርባል። «ምርመራዬን አልጨረስኩም» ብሎ ጊዜ ቀጠሮ ይጠይቃል። ዳኛው ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል እንጂ ወርዶ ማስረጃ አይለቅምም። ስፔን ውስጥ ደግሞ ፖሊስ ቢበዛ በ72 ሰዓት ውስጥ ሰውየውን ይለቃል ወይም ለዳኛ ያስረክባል። ከዚያ በኋላ መዝገቡ የዳኛው ነው። በድራማው የምታዩት የጓርዲያ ሲቪል (የስፔን አንዱ የፖሊስ ኃይል) አባላት የራሳቸው አለቆች አሏቸው፤ በዚያ መዝገብ ላይ ግን የሚታዘዙት ለዳኛዋ ነው። ዳኛዋና የጓርዲያ ሲቪሉ ሳጅን በተፋጠጡ ቁጥር ይህን አስታውሱ።

እርግጥ እውነተኛ መርማሪ ዳኛ ብቻዋን መኪና እያሽከረከረች ተጠርጣሪ አታሳድድም። አብዛኛው ሥራ ቢሮ ውስጥ፣ ፋይል ላይ ነው። ያንን ቢያሳዩን ደግሞ ማን ያይላቸው ነበር?

ካናሪ የኖርኩ
እህቴ፣ ስፓኒሽሽ ምንም አልሆነም። ካናሪዎች የቃል መጨረሻ ላይ ያለችውን «ስ» ይውጧታል፤ በትንፋሽ ብቻ ነው የምትሰማው። አንቺ ደግሞ የቫሌንሲያው አነጋገር ነው የለመድሽው። በዚያ ላይ ዲያስን የሚጫወተው ዳሪዮ ግራንዲኔቲ አርጀንቲናዊ ነው። ስለዚህ አንድ ድራማ ውስጥ የተለያየ አነጋገር ይደባለቃል። ዳኛዋን የምትጫወተውን የካንዴላ ፔኛን ንግግር መከተል ይቀልሻል፤ እሷ የካታሎንያ ልጅ ናት። የስፓኒሽ ጽሑፉን ከሥር ክፈቺውና አንብቢ። የእንግሊዝኛውን ከከፈትሽ ጆሮሽ ይሰንፋል።

መንገደኛ
ከጥያቄው ትንሽ ብወጣም፣ ደሴቷን ማወቅ ድራማውን ያጣፍጠዋል። ሕዝቧ 11 ሺህ አካባቢ ነው። ሁሉም ይተዋወቃል፤ ለዚህ ነው ምስክር ሁሉ ወይ የተጠርጣሪው ዘመድ ወይ የሟች ጓደኛ የሚሆነው። ቀረጻውም እዚያው ነው የተሠራው። ጥቁሩ ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ላ ሬስቲንጋ ከምትባለው መንደር ፊት ለፊት ባሕር ውስጥ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ነዋሪዎቹ ለቀው ወጥተው ነበር። ያቺው መንደር ዛሬ ከሴኔጋልና ከሞሪታኒያ የሚነሱ የስደተኞች ጀልባዎች የሚደርሱባት ወደብ ሆናለች።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ! ሕግ አዋቂ፣ የነገርከኝን ለእናቴ ባስረዳት ሌላ ጥያቄ አመጣች፦ «ታዲያ ራሷ መርምራ ራሷ ልትፈርድበት ነው?»

ሕግ አዋቂ
እናትሽ ጠበቃ መሆን ነበረባቸው! በፍጹም፣ አትፈርድም። የመረመረ ዳኛ በዚያው ጉዳይ መፍረድ እንደማይችል የስፔን ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1988 ወስኗል። የእሷ ሥራ ማስረጃውን አሰባስቦ ክስ የሚያስቀርብ ነገር መኖሩን መለየት ነው። ግድያ ከሆነ ደግሞ ከ1995 ሕግ ወዲህ ከሕዝብ የተመረጡ 9 ሰዎች «ጥፋተኛ ነው» ወይም «አይደለም» ይላሉ፤ ቅጣቱን ችሎቱን የሚመራው ሌላ ዳኛ ይወስናል። እስከዚያ ተጠርጣሪው ይታሰር ወይስ በዋስ ይውጣ የሚለውን ግን ካንዴላ ራሷ ነች የምትወስነው። ዲያስ ላይ ያላት ጉልበት እሱ ነው።

ድራማ ወዳድ
የሲዝኑን ጥያቄ ማንም አልመለሰልሽም። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. የ2019 ነው፣ 8 ክፍል። ሁለተኛው የ2021፣ 6 ክፍል። ካንዴላም ዲያስም ይመለሳሉ፤ ጉዳዩ ግን አዲስ ነው፤ በልጆች አሳዳጊነት ክርክር ይጀምራል። የግድያው ታሪክ በመጀመሪያው ይቋጫል፤ እናትሽ ሳይጨርሱ አይሄዱም ማለት ነው። ግን ሁለተኛውን አስቀድማችሁ እንዳታዩት፤ በዳኛዋና በዲያስ መካከል ያለው ነገር ከመጀመሪያው ካልመጣችሁ አይገባም። ለእኔ ከግድያው ይልቅ የሚጥመው እሱ ነው። ልጅ አደጋ ላይ ሲወድቅ ማየት ለእናትሽ የሚከብዳቸው ከሆነ ግን ሁለተኛውን አንቺ ቀድመሽ እይላቸው።