«ይንቀለው» እና «እነቅለዋለሁ»፦ ርግማን የት አልቆ ዛቻ የት ይጀምራል?

ጥያቄ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ አሜሪካ ፍርድ ቤቶች የተጻፈ ነገር እየተረጎምኩ አንድ ቃል ላይ ተቀርቅሬ ቀረሁ። ጽሑፉ የሚያወራው በፖለቲካ መሪዎች ላይ የሚሰነዘር ንግግር መቼ ወንጀል እንደሚሆን ነው። እንግሊዝኛው «ትሩ ትሬት» ይላል። መጀመሪያ «እውነተኛ ማስፈራሪያ» አልኩት፤ መልሼ ሳነበው ግን የሐሰት ማስፈራሪያም ያለ አስመሰለው። «ዛቻ» ብዬ ልለፈው? ደግሞስ በኛ ቋንቋ አንድ ሰው ስለ መሪ «እሳት ይብላው» ቢል፣ «ወዮለት» ቢል፣ «ቆይ አሳየዋለሁ» ቢል ሦስቱም አንድ ሚዛን ላይ ይቀመጣሉ?

መልስ፦

እህቴ፣ «ማስፈራሪያ»ን ተዪው። ሰፊ ነው። ማሳ ላይ ለወፍ የሚቆመውም ማስፈራሪያ ነው፣ ልጅ አልተኛ ሲል የሚጠራው ጅብም ማስፈራሪያ ነው። ዛቻ ግን ዛቺ ይፈልጋል። አንድ ሰው «እኔ እንዲህ አደርግሃለሁ» ብሎ አፉን ካልከፈተ ዛቻ የለም። እኔ ብሆን «የምር ዛቻ» እለው ነበር። የዚህ ቃል ተቃራኒው ውሸት ሳይሆን ቀልድና ፉከራ ነውና። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ2003 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ሲተረጉመው፣ ተናጋሪው በአንድ ሰው ወይም ቡድን ላይ ሕገወጥ የኃይል ጥቃት የመፈጸም ሐሳብ እንዳለው የምሩን ሲገልጽ ነው ያለው። «የምሩን» እዚያው ትርጉሙ ውስጥ አለ።

ወደ ሦስቱ አባባሎች ስመጣ፣ እኔ መጀመሪያ የማየው የግሱ ባለቤት ማን እንደሆነ ነው። «እሳት ይብላው» ሲባል የሚበላው እሳት ነው። «እግዜር ይንቀለው» ሲባል ነቃዩ እግዜር ነው። ተናጋሪው እጁን አላስገባም፤ ጉዳዩን ወደ ላይ መርቶ ቁጭ ብሏል። ይኼ ርግማን ነው። «እነቅለዋለሁ» ሲል ግን ባለቤቱ ራሱ ሆነ፣ ግሱም ወደፊት የሚሆን ነገር ተናገረ። እንዲያ ሲሆን ዛቻ ማለት እንጀምራለን። «ወዮለት» መሀል ላይ ነው። ማን ምን እንደሚያደርገው አይናገርም፣ የሚመጣ ነገር እንዳለ ብቻ ይጠቁማል። ከተቆጣ ሰው አፍ ሲወጣ ዛቻ ይመስላል፣ ካዘነ ሰው አፍ ሲወጣ ማስጠንቀቂያ ይሆናል።

በርግማንና በዛቻ መካከል ደግሞ ምኞት የሚባል አለ። መጋቢት 1981 ፕሬዚዳንት ሬጋን ሲቆስሉ፣ ቴክሳስ ውስጥ በአንድ የሕግ አስከባሪ ቢሮ በጽሕፈት ሥራ የተቀጠረች ወጣት ዜናውን ሰምታ ለባልደረባዋ «እንደገና ከሞከሩት እንዲሳካላቸው ተስፋ አለኝ» አለችው። ሌላ ሰው ጆሮ ገባ። ከሥራ ተባረረች። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1987 በ5 ለ4 ድምፅ መባረሯ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ተባለ። ንግግሩ ያስቀይማል፣ እኔም አልወደውም። ግን የግሱን ባለቤት እዪው፦ «ከሞከሩት»። እነሱ እንጂ እሷ አይደለችም። ፍርድ ቤቱም ይህ በወንጀል የሚያስጠይቅ ዛቻ እንዳልሆነ አልጠፋውም።

ሌላ አባል፦

ጥሩ ብለሃል ወንድሜ፣ ግን ሰዋስው ብቻውን አያድነንም። ባለቤቱ «እኔ» ሆኖ፣ ግሱም መግደል ሆኖ ዛቻ ያልተባለ ንግግር አለ። ዋትስ የተባለውን ወጣት የፍርድ ቤት ጉዳይ እይ። ነሐሴ 1966፣ ዋሽንግተን። ሰልፍ ነው። የሰልፉ አካል በሆነች ትንሽ የውይይት ቡድን ውስጥ ይኼ የ18 ዓመት ወጣት ተነሥቶ ለውትድርና ምርመራ መጠራቱን ይናገራል። አልሄድም ይላል። ቀጥሎም ጠመንጃ ካስያዙኝ መጀመሪያ ዒላማዬ ውስጥ ማስገባት የምፈልገው ኤል ቢ ጄን ነው ይላል፤ ፕሬዚዳንት ጆንሰንን ማለቱ ነው። እዚያ የነበሩት ሳቁ። ከመሀል የሠራዊቱ የስለላ ክፍል ሰው ነበረና ወጣቱ ተከሰሰ፣ ተፈረደበትም። የተከሰሰበት ሕግ የ1917 ነው፤ ፕሬዚዳንቱን እገድላለሁ ወይም ጉዳት አደርሳለሁ ብሎ እያወቀና ሆን ብሎ የዛተን እስከ 5 ዓመት እስራት ይቀጣል።

ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1969 ፍርዱን ሻረው። ያየው ሦስት ነገር ነው፦ ንግግሩ የተነገረበትን ቦታ፣ «ካስያዙኝ» የምትለዋን ቅድመ ሁኔታ (ወጣቱ ደግሞ አልሄድም ብሏል፣ ስለዚህ ሁኔታው አይመጣም)፣ ከዚያ የሰሚዎቹን ሳቅ። ሕጉ ራሱ ግን ልክ ነው አለ። የተሻረው ፍርዱ እንጂ ሕጉ አይደለም፤ ብዙ ሰው ይህችን ያምታታል። ፍርድ ቤቱ ለወጣቱ ንግግር የሰጠው ስም በቀጥታ ሲመለስ «ፖለቲካዊ ግነት» ነው። እኛ ለዚህ «ፉከራ» የሚባል የተዘጋጀ ቃል አለን። ፎካሪ «ግንባሩን እለዋለሁ» ሲል ሰሚው ፖሊስ አይጠራም።

መልስ፦

«ፉከራ» እዚህ ልክ ገብታለች፣ ወድጃታለሁ። አንድ ስጋት ግን አለኝ። ፉከራ ፉከራ መሆኑ የሚታወቀው ፊት ለፊት ነው፤ ድምፁ አለ፣ ሳቁ አለ። ያው ዓረፍተ ነገር ሌሊት 9 ሰዓት ላይ በስልክ መልእክት ወደ ሰውየው ሲላክ ሳቁ አብሮ አይሄድም። ተቀባዩ የሚያየው ፊደሉን ብቻ ነው።

ተቃራኒውም አለ። ሰዋስዉ ንጹሕ፣ ነገሩ ግን የምር ዛቻ። «ልጆችህ የት እንደሚማሩ አውቃለሁ።» ምን ጥፋት አለው? ማወቅ ነው። «ቤትህ አረንጓዴ በር ያለው አይደል?» ጥያቄ ነው። ማንም እንዲህ ያለ ደብዳቤ የደረሰው ባለሥልጣን ግን ምን እንደተባለ ይገባዋል። ሰም ለበስ ዛቻ ነው፤ ላዩን ስትነኪው ለስላሳ፣ ወርቁ ስለት። የእንግሊዝ የ1861 ሕግ እዚህ ላይ ጎበዝ ይመስለኛል። እገድላለሁ ብሎ መዛትን የሚቀጣው ተናጋሪው ሰሚው እንዲፈራ፣ ይፈጸማል ብሎ እንዲያምን አስቦ ከሆነ ነው። ለመፈጸም ማሰቡን ማረጋገጥ አያስፈልግም። ቅጣቱ እስከ 10 ዓመት ይደርሳል፣ የሚጠብቀውም ንጉሥን ብቻ ሳይሆን ማንንም ነው። (የዚያው አገር የ1351 የክህደት ሕግ ደግሞ የንጉሡን ሞት ማሰብን ራሱን ወንጀል ያደርግ ነበር። ማሰብን! ስንት ሰው ይተርፍ ነበር?)

ጠያቂዋ፦

እና ተናጋሪው «ቀልዴን ነው» ካለ በቃ ነፃ ነው ማለት ነው? ጽሑፌ ውስጥ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የ2023 ፍርድ አለ፣ እዚያ ያለውን «ሬክለስነስ» የሚለውን ቃል ምን ብዬ ልተርጉመው?

ሌላ አባል፦

አይደለም። ያ ፍርድ በመሪዎች ጉዳይ የተሰጠ አይደለም፣ አንዲት ዘፋኝን በመልእክት ስላስጨነቀ ሰው ነው፤ ግን መስፈርቱ ሰፋ ብሎ ያገለግላል። ፍሬ ነገሩ፦ ዐቃቤ ሕግ ተናጋሪው ምን ያስብ እንደነበር ማሳየት አለበት፣ ቢያንስ ደግሞ ሰው ንግግሩን እንደ ዛቻ ሊወስደው እንደሚችል እያወቀ «የራሱ ጉዳይ» ብሎ መላኩን። «ቸልተኝነት» ብለሽ እንዳትጽፊ። ቸልተኛ ያላስተዋለ ነው። ይኼኛው አስተውሏል፣ ግን ደንታ አልሰጠውም። «ማን አለብኝነት» ትቀርባለች፣ «ደንታ ቢስነት»ም ያስኬዳል።

ጠያቂዋ፦

«ደንታ ቢስነት» እወስዳለሁ። አንድ የመጨረሻ። በ2025 የቀድሞው የኤፍ ቢ አይ ዳይሬክተር ጄምስ ኮሚ በባሕር ዳርቻ በዛጎል የተሠራ «86 47» የሚል ፎቶ ለጥፎ ነበር። 47 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ናቸው፣ 47ኛው ስለሆኑ። 86ን ምን ልበለው? «ግደሉ»?

መልስ፦

ኧረ «ግደሉ» እንዳትይ! 86 የአሜሪካ የምግብ ቤት ሠራተኞች አነጋገር ነው፤ ያለቀን ምግብ ከዝርዝር ማውጣት፣ ያስቸገረን ደንበኛ ማስወጣት። አንዳንዱ ለመግደልም ይጠቀምበታል። ጭቅጭቁ የተነሣው በዚህ ነው። የኮሚ ደጋፊዎች «ከሥልጣን ይውረድ» ነው አሉ፣ ተቃዋሚዎቹ «ይገደል» ነው አሉ። ኮሚ ራሱ ከኃይል ጋር እንደሚያያዝ አላሰብኩም ብሎ ፎቶውን አነሣው፣ የፕሬዚዳንቱ ጠባቂዎችም ጠርተው ጠየቁት። አንቺ ተርጓሚ እንጂ ዳኛ አይደለሽም፤ ሁለቱንም በር ክፍት የሚተው ቃል ፈልጊ። «ማስወገድ» አለሽ። «ከኃላፊነቱ ተወገደ» እንላለን፣ «ጠላቱን አስወገደ»ም እንላለን፣ አንዱ ደብዳቤ ነው፣ ሌላው ጥይት። «47ን አስወግዱ» ብለሽ ጻፊና አንባቢው እንደ አሜሪካኖቹ ይጨቃጨቅበት።

ሌላ አባል፦

«አስወግዱ» ለእኔ ትንሽ ወደ ጥይቱ ታደላለች። ትእዛዝ ሆናለች፣ ዛጎሉ ላይ ደግሞ ግስም የለም፣ ቁጥር ብቻ ነው። «47 ይወገድ» ብትዪው ይሻላል፤ አስወጋጁ ማን እንደሆነ አይታወቅም፣ እንደ ፎቶው።

ጠያቂዋ፦

«ይወገድ» ገብታለች። ቁጥሩንም እንዳለ ትቼ ከሥሩ አጭር ማብራሪያ አደርግለታለሁ።