ኡቡንቱ 24.04 ላይ የጃንጎ ፕሮጀክት ስጭን ቢልድ ኢረር እያመጣ ነው፣ ወደ 20.04 ልመለስ?

ጠያቂ፦ ጅማ_ኮደር

ሰላም ለሁላችሁም። የመመረቂያ ፕሮጀክት ላይ ነኝ፣ ማስረከቢያው እየደረሰ ነው፣ እባካችሁ ተባበሩኝ።

ፕሮጀክቱ የመድኃኒት መጋዘን መቆጣጠሪያ ነው። በጃንጎ 3.2 (የፓይተን ዌብ ፍሬምወርክ) ነው የተሠራው፣ ዳታቤዙ ማይኤስኪውኤል ነው፣ ለሪፖርት ደግሞ ፓንዳስና ነምፓይ የሚባሉትን የፓይተን የዳታ ላይብረሪዎች እንጠቀማለን። ኮዱን የጀመረው የቡድናችን ልጅ ኡቡንቱ 20.04 ላይ ነው የሚሠራው፣ እሱ ጋ ምንም ችግር የለም። እኔ የጫንኩት 24.04 ነው። ላፕቶፑ የወንድሜ የነበረ ነው፣ ራሙ 4 ጊጋ ነው፣ ባትሪው ስለሞተ መብራት ሲኖር ብቻ ነው የሚሠራው።

መጀመሪያ ፒፕ (የፓይተን ፓኬጅ መጫኛው) ገና ሳይጀምር «ኤክስተርናሊ ማኔጅድ ኢንቫይሮንመንት» ብሎ ከለከለኝ። አንድ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስጠይቅ «ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ የሚለውን አማራጭ ጨምርበት፣ ያልፋል» አሉኝ። ሌላ ልጅ ግን ቬንቭ (ለፕሮጀክቱ ብቻ የተለየ የፓይተን ቦታ) ፍጠር አለኝ፣ እሱን አደረግኩና ያኛው ኢረር ጠፋ። አሁን ግን ፓይተንን ከዳታቤዙ ጋር የሚያገናኘው ማይኤስኪውኤልክላየንት ላይ ሲደርስ «ካን ኖት ፋይንድ ቫሊድ ፒኬጂ-ኮንፊግ ኔም» ብሎ ይቆማል። እሱን የሚጫኑት ፓኬጆች ከተዘረዘሩበት ከሪኳየርመንትስ ፋይሉ አውጥቼ ስሞክር ደግሞ ነምፓይ 1.21 ላይ ስክሪን ሙሉ ጽሑፍ ያወርዳል። መጨረሻው ላይ «ይህ ከሰብፕሮሰስ የመጣ ኢረር ነው፣ የፒፕ ችግር ላይሆን ይችላል» ይላል።

ታዲያ ችግሩ የማን ነው? የኡቡንቱ ነው? የኮዱ ነው? 20.04 ብመለስ ይሻላል? ዳታም እያለቀብኝ ነው።


ሸገር_ሩት፦

ኧረ አትመለስ። የ20.04 መደበኛ ድጋፍ በ2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፣ ከሱ ጋር የሚመጣው ፓይተን 3.8ም በ2024 ጥቅምት ወር ድጋፉ ቆሟል። ለመመረቂያ ብለህ መደበኛ የሴኩሪቲ ማሻሻያ የማያገኝ ሲስተም ላይ አትቀመጥ።

ያንን «ብሬክ ሲስተም ፓኬጅስ» የሚባል ነገር ባለመንካትህ ደስ ብሎኛል። ግሩፕ ላይ እንዲህ ያለ ምክር ሲሰጥ በጣም ነው የምናደደው፣ ምክንያቱም የሚሰጠው ሰው ውጤቱን አያየውም። ኡቡንቱ ውስጥ ብዙ የሲስተሙ መሣሪያዎች በፓይተን የተጻፉ ናቸው። ሪፖዚተሪ የሚጨምረው አድ-አፕት-ሪፖዚተሪ አንዱ ነው፣ በራሱ ጊዜ የሴኩሪቲ ማሻሻያ የሚጭነውም እንደዚሁ። በሱዶ ፒፕ አስገድደህ ስትጭን እነሱ የሚጠቀሙበትን ላይብረሪ በሌላ ቨርዥን ትሸፍነዋለህ። የዛን ቀን ምንም ላይታይ ይችላል፤ ከሳምንታት በኋላ አፕዴት ሲበላሽ ግን ከምን እንደመጣ አታውቀውም። ክልከላው ፔፕ 668 በሚባል ስምምነት የመጣ ነው፣ ዴቢያን 12 ላይም በ2023 ገብቷል። አንተን ለማስቸገር አይደለም። ቬንቭ ትክክለኛው መንገድ ነው፣ በዛው ቀጥል።

ሌሎች ይህን የምታነቡ ደግሞ፣ ቬንቭ ስትፈጥሩ «ኤንሹርፒፕ» የለም ብሎ እምቢ ካላችሁ ፓይተን3-ቬንቭ የሚባለውን ፓኬጅ በአፕት (የኡቡንቱ ራሱ መጫኛ) ጫኑ። ኡቡንቱ ላይ ለብቻው ነው የሚመጣው።


ተርሚናል_ዘወትር፦

ወንድሜ፣ ያመጣሃቸው ሁለት ኢረሮች ይመሳሰላሉ እንጂ ምክንያታቸው ለየቅል ነው። አንድ ላይ ካየሃቸው ትደናገራለህ፣ ስለዚህ ለየብቻ እንሂድ።

ከዛ በፊት ግን አንድ ነገር። የመጨረሻውን መስመር እያነበብክ ነው የምትጠይቀው። ፒፕ መጨረሻ ላይ የሚጽፈው «አልተሳካም» የሚለውን ብቻ ነው፣ ምክንያቱ ያለው ከፍ ብሎ ነው። ተርሚናሉን ወደ ላይ ጎትተህ ለመጀመሪያ ጊዜ «ኢረር» ወይም «ኖት ፋውንድ» ወይም «ኖ ሰች ፋይል» የሚለው የት እንደሆነ ፈልግ። ሰው ሲረዳህም እሱን መስመር ነው የሚፈልገው፣ ከነሙሉው ኮፒ አድርገህ ለጥፍ፣ በስልክ ፎቶ አንስተህ አትላክ።

አሁን ወደ ማይኤስኪውኤልክላየንት። ይሄ ፓኬጅ ለዊንዶውስ ተገንብቶ የተዘጋጀ ዊል አለው፣ ለሊኑክስ ግን የለውም። ስለዚህ ሊኑክስ ላይ ምንጊዜም ሶርሱ ይወርድና እዛው ማሽንህ ላይ በሲ ኮምፓይለር ይገነባል። ለመገንባት የማይኤስኪውኤል ላይብረሪና የሄደር ፋይሎቹ የት እንዳሉ ማወቅ አለበት፣ ከ2.2 ጀምሮ ያንን የሚጠይቀው ፒኬጂ-ኮንፊግ የሚባለውን ፕሮግራም ነው። አንተ ጋ ወይ ፕሮግራሙ የለም፣ ወይ የሚያገኘው ላይብረሪ የለም፣ ምናልባትም ሁለቱም። ኢረሩ የሚለው ይህንኑ ነው።

ከቬንቭ መውጣት አያስፈልግህም፣ እዛው ሆነህ ይህን ጻፍ፦ ሱዶ አፕት ኢንስቶል ቢልድ-ኢሴንሻል ፓይተን3-ዴቭ ፒኬጂ-ኮንፊግ ዲፎልት-ሊብማይኤስኪውኤልክላየንት-ዴቭ። አራቱንም በአንድ ጊዜ ጫን የምልህ እያንዳንዱ ሲጎድል የየራሱን ኢረር ስለሚያመጣ ነው። ፒኬጂ-ኮንፊግንና የማይኤስኪውኤሉን ዴቭ ብቻ ብትጭን ቀጥሎ ጂሲሲ (የሲ ኮምፓይለሩ) የለም ይልሃል፣ እሱን ስታመጣ ደግሞ «ፓይተን ዶት ኤች» የሚባል ፋይል የለም ይላል። ይሄ የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚያስለቅስ ነው፣ ምክንያቱም «ፓይተን እኮ አለኝ!» ይላል ሰው። ፓይተን አለህ፣ ግን ኡቡንቱና ዴቢያን ፕሮግራሙን የሚያስኬደውን ክፍል ከሄደሮቹ ለይተው ነው የሚያሽጉት። ሄደሮቹ ያሉት መጨረሻው ላይ «ዴቭ» የሚል በተጻፈበት ፓኬጅ ውስጥ ነው። ነገ ሌላ ፓኬጅ ስትጭን ስሙ ዶት ኤች ብሎ የሚያልቅ ፋይል ጠፋ ካለህ፣ የዛን ላይብረሪ የዴቭ ፓኬጅ ፈልግ። የትኛው ፓኬጅ ውስጥ እንዳለ ካላወቅክ አፕት-ፋይል የሚባል መሣሪያ አለ፣ የፋይሉን ስም ስትሰጠው የፓኬጁን ስም ይነግርሃል።

የነምፓዩ ግን በአፕት አይፈታም። ከፍ ብለህ ካነበብከው «ኖ ሞጁል ኔምድ ዲስትዩቲልስ» የሚል ታገኛለህ ብዬ እገምታለሁ። እስኪ እየውና ንገረኝ።


ጅማ_ኮደር፦

አዎ! ልክ ነህ፣ መሃል ላይ «ዲስትዩቲልስ» የሚል አለ። ግን የአፕቱን ትእዛዝ ልሰጥ ስል ሌላ ነገር መጣ። አፕት አፕዴት ስል የሪሊዝ ፋይሉ «ኖት ቫሊድ የት» ነው ይላል፣ ቀጥሎ ደግሞ ገና ከአራት ሰዓት በላይ ይቀረዋል የሚል ጽፏል። ሰርቨሩ ተበላሽቶ ነው?


የላብ_ጠባቂ፦

ሰርቨሩ ደህና ነው፣ የላፕቶፕህን ሰዓት እይ። እኛ ላብ ውስጥ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ። አፕት የፓኬጅ ዝርዝሩ መቼ እንደተፈረመ ያያል፣ ፊርማው ከማሽንህ ሰዓት አንጻር «ወደፊት» ከሆነ አይቀበለውም። ያለ ባትሪ የሚሠራ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ የማዘርቦርዱ ትንሿ ባትሪም ከደከመች መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቀራል።

ሌላው ምክንያት የእኛው አገር ነው። ሰው ሰዓቱን በሀበሻ አቆጣጠር ይሞላዋል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩ 9:00 ማለት ሲገባው 3:00 ይላል፣ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ማለት ነው። ታይምዞኑ አዲስ አበባ ሆኖ ሰዓቱ እንደዛ ከተሞላ የዛን ቀን የወጣ ዝርዝር ሁሉ ገና ያልደረሰ ይመስለዋል። ፒፕም ሊያስቸግርህ ይችላል፣ በኤችቲቲፒኤስ የሚገናኝ ሁሉ ሰርተፊኬት ሲያረጋግጥ ሰዓት ያያልና።

ኢንተርኔት ሲኖር ኡቡንቱ ራሱ ያስተካክላል፣ ግን አንዳንድ የግቢ ኔትዎርክ የሰዓት ማመሳሰያውን ፖርት ይዘጋዋል። በስልክህ ሆትስፖት ትንሽ አገናኘውና «ታይምዴትሲቲኤል» ብለህ ሰዓቱ መመሳሰሉን አረጋግጥ። ካልሆነ በእጅህ ሙላው፣ ግን መጀመሪያ «ሴት-ኤንቲፒ ፎልስ» በለው፣ አለበለዚያ አውቶማቲክ ማመሳሰል በርቷል ብሎ ይከለክልሃል። ለሌሎቻችሁም፣ ሲ ኮድ በሜክ ስትገነቡ «ክሎክ ስኪው ዲቴክትድ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ ያው ሰዓት ነው፣ ዝም ብላችሁ አትለፉት፤ ሜክ የትኛው ፋይል እንደተቀየረ የሚያውቀው በፋይሉ ሰዓት ነው።


ጅማ_ኮደር፦

እህቴ ተባረኪ፣ ወንድሜ በሀበሻ ሰዓት ነበር የሞላው። ሆትስፖት ስከፍት ተስተካከለ፣ አፕትም ሠራ፣ ማይኤስኪውኤልክላየንት ተገነባ! አሁን የቀረኝ ነምፓይ ብቻ ነው።


ዲሲ_ባክኤንድ፦

ከዚህ ልቀጥል። 24.04 ይዞት የሚመጣው ፓይተን 3.12 ነው። ነምፓይ 1.21 በወጣበት ጊዜ ፓይተን 3.12 አልነበረም፣ ስለዚህ ለ3.12 የተዘጋጀ ዊል የለውም። ፒፕ ዊል ሲያጣ ዝም ብሎ አይመለስም፣ ሶርሱን አውርዶ ለመገንባት ይሞክራል። የሚገነባበት መሣሪያ ደግሞ ዲስትዩቲልስን (ድሮ ከፓይተን ጋር ይመጣ የነበረ የፓኬጅ መገንቢያ) ይፈልጋል፣ እሱ ከ3.12 ጀምሮ ከፓይተን ወጥቷል። ጓደኛህ 3.8 ላይ ስለሆነ ዊሉን በቀጥታ ያገኛል፣ ለነምፓይ አንዲት መስመር ሲ እንኳ ኮምፓይል አላደረገም። «እሱ ጋ ይሠራል» የምትለው ለዚህ ነው።

ይህን ካወቅክ ዲስትዩቲልስን ከየትም ፈልገህ ለማምጣት አትድከም። ብዙ ሰው ሴትአፕቱልስ ጫን ይልሃል፣ እዚህ አይጠቅምም፣ ፒፕ ነምፓይን የሚገነባው ቬንቭህ ውስጥ ባለው ሳይሆን ለብቻው በሚከፍተው ጊዜያዊ ቦታ ነው፣ እዛ የሚገባው ነምፓይ ራሱ የጠየቀው አሮጌ ቨርዥን ነው። ቨርዥኑን ከፍ አድርግ። ፓይተን 3.12ን መደገፍ የጀመረው ነምፓይ 1.26 ነው፣ ፓንዳስ ደግሞ 2.1.1። ጃንጎ 3.2 ድጋፉ ያለቀ ነው፣ 4.2 ግን ከ3.8 እስከ 3.12 ድረስ ይሠራል፣ ከ4.2.8 በላይ ያለውን ውሰድ። ለሁለታችሁም የሚሆነው እሱ ነው።

አንድ ችግር አለ። ነምፓይ 1.26 ከ3.9 በታች አይጫንም፣ ስለዚህ ጓደኛህ ጋ ይሰበራል። ሪኳየርመንትስ ፋይሉ ላይ ነምፓይን ሁለት ጊዜ ጻፈው። አንደኛው መስመር 1.24.4 ሆኖ ከሴሚኮለን በኋላ «ፓይተን ቨርዥን ከ3.9 ካነሰ» የሚል ቅድመ ሁኔታ ይኑረው፣ ሁለተኛው 1.26.4 ሆኖ 3.9ና ከዛ በላይ ለሆነ። ፓንዳስንም እንደዛው፣ ለ3.8 የመጨረሻው 2.0.3 ነው። ፒፕ በየማሽኑ የሚስማማውን ይመርጣል።

ኮዱን የምትቀይሩበት ጊዜ ከሌለ ሌላው አማራጭ ፓይተን 3.8ን ራሱን ለብቻ ማምጣት ነው። በ4 ጊጋ ራም ላይ ፓይኤንቭን አልመክርህም፣ ፓይተንን ከሶርስ ነው የሚገነባው፣ ሊብኤስኤስኤል-ዴቭን ከረሳህ ደግሞ የኤስኤስኤል ክፍሉ አልተገነባም ብሎ ግንባታው ራሱ ይወድቃል። ዩቪ የሚባለው ግን ተገንብቶ ያለቀ ፓይተን ያወርድልሃል። ለማስረከቢያ ብቻ ከሆነ ይሁን። እኔ ግን ቨርዥን ማሳደጉን እመርጣለሁ።


ሸገር_ሩት፦

ከጃንጎ 3.2 ወደ 4.2 ስትዘል ፈተና የምታደርግበት ዳታቤዝ ይኑርህ፣ ዋናው ላይ ማይግሬት (የዳታቤዙን ሠንጠረዦች የሚቀይረው የጃንጎ ትእዛዝ) አትበል። 4.2 ማይኤስኪውኤል 8ን ነው የሚፈልገው፣ 5.7ን አይቀበልም።


ጅማ_ኮደር፦

ተጫነ! ሰርቨሩም ተነሳ፣ የሪፖርት ገጹ ላይ አንድ የፓንዳስ ነገር ብቻ ነበር የተሰበረው፣ ዳታፍሬም ላይ «አፔንድ» የሚለው ከ2.0 ጀምሮ ስለወጣ በ«ኮንካት» ተካሁት። ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ።

የመጨረሻ ጥያቄ። የቡድናችን ሦስተኛ ልጅ እንደኔው 24.04 ነው የጫነችው፣ ግን ቤቷ ኢንተርኔት የለም። ይህን ሁሉ በፍላሽ ልሰጣት እችላለሁ?


ተርሚናል_ዘወትር፦

ትችላለህ። የቬንቭ ፎልደሩን ግን ኮፒ አድርገህ አትስጣት፣ ውስጡ የአንተ ማሽን ሙሉ አድራሻ ስለተጻፈበት እሷ ጋ አይሄድም። በምትኩ ቬንቭህ ውስጥ ሆነህ «ፒፕ ዊል» በሚለው ትእዛዝ ከሪኳየርመንትስ ፋይሉ ሁሉንም ወደ አንድ ፎልደር አውጣ። «ፒፕ ዳውንሎድ» የሚባልም አለ፣ እሱ ግን ማይኤስኪውኤልክላየንትን በሶርሱ ያወርደውና እሷ ጋ ሄዶ ኮምፓይለር ይጠይቃል። «ፒፕ ዊል» የተገነባውን ነው የሚሰጥህ። አብዛኛው ከዚህ በፊት ስለወረደ ከካሽ ይወስደዋል፣ ዳታ ብዙም አይበላብህም።

እሷ ስትጭን «ኖ-ኢንዴክስ» የሚለውንና «ፋይንድ-ሊንክስ» ብላ የፎልደሩን አድራሻ ትስጠው፣ ያኔ ፒፕ ኢንተርኔት አይፈልግም። ሁለታችሁም 24.04 ላይ ስለሆናችሁ ፓይተኑ አንድ ነው፣ የሁለታችሁም ፕሮሰሰር ባለ 64 ቢት የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ከሆነ ይሠራል።

ፍላሹ ላይ ሁለት የዴብ ፋይሎችም ጨምርላት። አንዱ ፓይተን3.12-ቬንቭ ነው፣ ከሌላት ቬንቭ መፍጠር አትችልም፣ እሱ የሚጠይቃቸው ሌሎች ካሉም አብረህ ውሰድ። ሌላው ሊብማይኤስኪውኤልክላየንት21 ነው። የዴቭ ፓኬጁን አትፈልገውም፣ አትገነባምና፤ ላይብረሪው ራሱ ግን ከሌለ መጫኑ ያለ ችግር ያልፍና ጃንጎ ሲነሳ «ካን ኖት ኦፕን ሼርድ ኦብጀክት ፋይል» ይላታል። «አፕት ዳውንሎድ» ብለህ ስሙን ስትሰጠው ዴቡን ያለህበት ፎልደር ውስጥ ያስቀምጥልሃል።